ምድር ስለምን ትናወጣለች? ከእኛስ ምን ይፈለጋል?

ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ የትኛው ምሰሶ የጸና፥ የትኛው ማገር የላላ እንደ ሆነ ሊያውቅ ይገባዋል። ይህን ሳያውቅ የሚኖር ሰው ወይ ነፋስ በነፈሰ ቍጥር ይደነግጣል፥ ወይ አደጋው እስኪደርስ ድረስ ተዘናግቶ ይተኛል። ድንጋጤና መዘናጋት የተለያዩ ቢመስሉም ከአንድ ሥር የሚበቅሉ ናቸው፤ ሥራቸውም አለማወቅ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን የምንኖርባት ምድርም እንደ አንድ ታላቅ ቤት ናት፤ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚያቋርጣት ስምጥ ሸለቆም የዚህ ቤት ስንጥቅ ነው። ስለዚህ የሥነ ምድር ሊቃውንት በቅርብ ዓመታት ስለዚህ ሸለቆ መርምረው ያገኙትን፥ ከዚያም የተነሣ ከእኛ የሚፈለገውን ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመታቱን የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ይህን ጕዳይ እንድናነሣ ያደረገን በ2017 ዓ.ም. በአገራችን የሆነው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ከመስከረም ጀምሮ ለወራት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግማ ተናወጠች። በታኅሣሥ መጨረሻ በዶፈን አጠገብ ከተሰነጠቀው መሬት እንፋሎትና ዐቧራ በኃይል ወጣ፤ የካቲት 7 ቀን የሆነው መናወጥም መጠኑ 6 ያህል ሆኖ ተመዘገበ። ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ቤቶች ፈረሱ፥ መንገድም ተሰነጠቀ፤ ከ80,000 የሚበልጡ ሰዎችም ከመኖሪያቸው እንዲነሡ ተደረገ።

በዚያን ጊዜ ሁለት ዐይነት ንግግር ይሰማ ነበር። አንደኛው ቀን እየቈረጠ፥ «ከተማዪቱ በዚህ ቀን ትጠፋለች፤ አገሪቱም ዛሬ ነገ ለሁለት ትከፈላለች» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ «ምንም አይደለም፤ ያልፋል» ብሎ ነገሩን የሚያቃልል ነው። ፊተኛው ሰውን ያለ ቀኑ ይገድለዋል፤ ኋለኛው ደግሞ ሳያዘጋጅ ለአደጋ ይሰጠዋል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ መሆናቸውን በየተራው እንመልከት።

1. ስምጥ ሸለቆው እንዴት እንደ ተከፈተ

ምድርን ከውጭ የሸፈናት ጽኑ ዐለት አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ ተሰነጣጠቀ የእንቍላል ቅርፊት በታላላቅ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው። ከሰሌዳዎቹ በታች እጅግ የጋለ ዐለት አለ። እርሱም ምንም እንኳ ጠጣር ቢሆን፥ ከሙቀቱና ከላዩ ካለው ክብደት የተነሣ በረጅም ዘመናት ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈሳል። ሰሌዳዎቹም ስለሚንቀሳቀሱ በአንዱ ስፍራ ይጋጫሉ፥ በሌላው ስፍራ ይለያያሉ። በአፋር ምድር ሦስት ሰሌዳዎች ይገናኛሉ፤ እነርሱም በሰሜን ምሥራቅ የዐረብ፥ በምዕራብ ሊቃውንቱ የኑብያ ብለው የሚጠሩት፥ በደቡብ ምሥራቅም የሶማሊያ ሰሌዳ ናቸው። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ሲራራቁ ሦስት ክፍተቶች ሆኑ፤ አንደኛው ቀይ ባሕር፥ ሁለተኛው የኤደን ባሕረ ሰላጤ፥ ሦስተኛው የእኛ ስምጥ ሸለቆ ነው።

ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከጥልቅ የወጣ የቀለጠ ዐለት በአገራችን ሰፊ ክፍል ላይ እየፈሰሰና እየተደራረበ ረጋ። የሰሜንን ገደል የተመለከተ ሰው ዐለቱ እንደ እንጀራ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ ያየዋል፤ እያንዳንዱ ድርብ አንድ ጊዜ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ብዙ ምእመናን የሚሳለሟቸው የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ከሆነ ዐለት ነው። እንግዲህ ያ ጥንታዊ እሳት ዛሬ ለእኛ ደጋ፥ እርሻና የጸሎት ቤት ሆኖልናል።

መለያየቱ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዳል? ሊቃውንቱ በሳተላይት አማካይነት ለክተው እንዳገኙት፥ በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሁለቱ ወገኖች የሚራራቁት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ጥቂት የጤፍ ቅንጣቶች ጐን ለጐን ቢደረደሩ የሚይዙት ስፍራ ነው። 70 ዓመት የኖረ ሰው በዕድሜው ሁሉ የሚጨመረው ክፍተት 35 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ዐፄ ፋሲል ጐንደርን ከቈረቈሩ ወዲህ ባሉት ወደ አራት መቶ በሚጠጉ ዓመታት የተጨመረውም ሁለት ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስፍራ ውቅያኖስ ይሆናል ቢባል እንኳ የሚቈጠረው በሚሊዮን ዓመታት ነው። ስለዚህ፥ «አገሪቱ ዛሬ ነገ ለሁለት ትከፈላለች» የሚለው ወሬ በልኬት ሲመዘን የማይቆም ነው።

2. ለብዙ ዘመን የተከማቸው በጥቂት ቀን እንደሚፈታ

ነገር ግን፥ «ዝግተኛ ስለሆነ አይጐዳም» ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ነው። የተወጠረ ጠፍር ቀስ በቀስ ይወጠራል፤ ሲበጠስ ግን በቅጽበት ነው። ምድርም እንደዚሁ ለብዙ ዘመን ስትወጠር ቈይታ በድንገት ትላቀቃለች።

ይህን ነገር ለዓለም ሊቃውንት በግልጽ ያሳየው በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በአፋር በደባሁ የሆነው ነው። በዚያ መስከረም በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ሰንጥቆ ገባ፤ መሬቱም በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። መስከረም 16 ቀን፥ በመስቀል ደመራ ዕለት፥ ዳኡሬ በተባለው ስፍራ መሬት ተከፍቶ ዐመድ ወጣ። በዚያ ምድር የሰሌዳዎቹ መራራቅ በዓመት እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ፥ በእነዚያ ቀናት የተፈታው በአራት መቶ ዓመታት የተከማቸ ውጥረት ነበር ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው ሳተላይት ከሰማይ ራዳር እየላከ የመሬቱን ከፍና ዝቅ ማለት ስለ ለካ ነው። ቀድሞ የሥነ ምድር ሊቅ መዶሻ ይዞ ድንጋይ ይመታ ነበር፤ አሁን ግን በሰው እግር ለመድረስ የሚያስቸግረውን በረሃ ከላይ ሆኖ ይለካዋል።

ከታች ያለውስ ምን ይመስላል? በ2017 ዓ.ም. በሰኔ ወር የወጣ አንድ ጥናት ይህን ጥያቄ መልሷል። ተመራማሪዎቹ ከአፋርና ከዋናው ስምጥ ሸለቆ የተሰበሰቡ ከ130 የሚበልጡ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮችን ቅመም መርምረው፥ በአፋር ሥር የጋለው ዐለት በአንድነት ጸንቶ የሚወጣ ሳይሆን እንደ ልብ ትርታ እየተመላለሰ የሚገፋ መሆኑን፥ ትርታውም በላዩ ባለው ሰሌዳ ውፍረትና በመለያየቱ ፍጥነት እንደሚለዋወጥ ተረዱ። ሰሌዳው ቀጭን ሆኖ በፍጥነት በሚለያይበት ስፍራ ግፊቱ በሰፊ ቧንቧ እንደሚሄድ ውሃ ያልፋል። ስለዚህ ከላይ የምናየው መሰንጠቅና ከታች ያለው ግፊት እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው።

ይህ ዕውቀት ከወጣ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላው ምድሪቱ ራሷ ምስክር ሆነች። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ኤርታ ሌ ፈነዳ፤ በዚያን ጊዜም የቀለጠው ዐለት ከመሬት በታች ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጕዞ ሃይሊ ጉቢ ወደ ተባለው ተራራ ሥር እንደ ገባ በሳተላይት ታየ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ራሱ ፈነዳ። በሰው መዝገብ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ የተጻፈለት አልነበረም። ዐመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ፥ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፥ በየመንና በዖማን በኩል እስከ ፓኪስታንና እስከ ህንድ ደረሰ፤ አውሮፕላኖችም መንገዳቸውን ለወጡ። በአፍዴራ ወገን ያለው አርብቶ አደር ግን የሚያስበው ስለ አውሮፕላን አልነበረም፤ የከብቶቹ ግጦሽ በዐመድ ተሸፍኖበት ነበርና። እንግዲህ፥ «ምንም አይደለም» የሚለው ንግግር በዚህ ይፈርሳል።

3. ቀኑ አይታወቅም፤ ስፍራው ግን ይታወቃል

የምድር መናወጥ በዚህ ቀንና በዚህ ሰዓት ይሆናል ብሎ አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እሳተ ገሞራ አንዳንድ ጊዜ በመሬት ማበጥና በተደጋጋሚ ንዝረት ምልክት ይሰጣል፤ የመሬት መናወጥ ግን ቀኑን አያስታውቅም። ስለዚህ ቀን ቈርጦ የሚያስፈራራውን ሰው፥ ማንም ቢሆን፥ ልናምነው አይገባም። ዳሩ ግን በየት ስፍራ ሊሆን እንደሚችል በሚገባ ይታወቃል፤ ይህንንም ከሚያሳውቁት አንዱ ያለፈው ታሪክ ነው።

በዚህ ረገድ የአገራችን የጽሑፍ ቅርስ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዋን በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድር ንዝረት የሚመዘገብበትን ጣቢያ አቋቁመው፥ ኋላም የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ይህን ሲጽፉ ከመሣሪያ መዝገብ ሌላ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ጭምር መርምረዋል። ምድር በተናወጠች ጊዜ ዘመኑን በብራና ላይ ያሰፈረው ደብተራ ከብዙ ዘመን በኋላ ለሳይንስ ምስክር እንደሚሆን አላሰበም ነበር፤ ነገር ግን ያየውን በትክክል ስለ ጻፈ ሥራው ጠቀመ።

ከመዝገቡም ጥቂቱን እንጥቀስ። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ የተነሣው ብርቱ መናወጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካራ ቆሬ በኩል በሆነው መናወጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። በ1961 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ ጠፍታለች። ሁሉም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ወይም በዳርቻው ላይ መሆናቸውን ልብ በሉ። አዲስ አበባም፥ አዳማም፥ ሐዋሳም በዚሁ ሸለቆና ዳርቻ የተሠሩ ናቸው።

4. ከእኛ የሚፈለገው

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ይህ ነው፤ የመሬት መናወጥ ሰውን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን በላዩ በመጣል ነው። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ሳምንታት ልዩነት ሁለት አገሮች ተናወጡ። በሄይቲ የሆነው መጠኑ 7.0 ሲሆን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ በቺሌ የሆነው መጠኑ 8.8፥ ኃይሉም ከሄይቲው ብዙ መቶ እጥፍ ሲሆን የሞቱት ከአምስት መቶ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። የሄይቲው ለከተማ እጅግ ቅርብ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ትልቁ ምክንያት ግን ቺሌ ለብዙ ዓመታት የሕንፃ ደንቧን ጠብቃ መሥራቷ ነው። በአንዱ አገር ግንበኛው ለማይታይ አደጋ አስቦ ሠራ፤ በሌላው አገር አላሰበም።

ለአገራችንም ስለ መሬት መናወጥ የሚያዝዝ የሕንፃ ደንብ ወጥቶላታል፤ ደንብ ግን በወረቀት ላይ ሳለ ማንንም አያድንም። ከዓምዱ ውስጥ ብረት የሚቀንስ ነጋዴ፥ ሲሚንቶውን በአሸዋ የሚያበዛ ሠራተኛ፥ አይቶ እንዳላየ የሚፈርም ተቈጣጣሪ፥ እነዚህ ሁሉ የሚሰርቁት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ዛሬ የተሰረቀው ብረት የሚፈለገው ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ በዚያ ቤት ሕፃናት በተኙበት ሌሊት ነውና።

በገጠርም የሚኖረው ወገናችን ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። እንጨቱ በሚገባ ተያይዞ ጣራው ቀላል የሆነ የጭቃ ቤት፥ ያለ ማሰሪያ ከተደረደረ ከባድ የድንጋይ ግንብ ይልቅ መናወጥን ይችላል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆው አካባቢ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ለማነጽ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሽማግሌዎች ስለ ግንቡ ውበት ከመመካከራቸው አስቀድሞ ስለ ግንቡ ማሰሪያ መሐንዲስ ይጠይቁ።

ምድር በምትናወጥበት ሰዓት በፎቅ ያለ ሰው ወደ ደረጃና ወደ አሳንሰር አይሩጥ፤ ከመስኮት ርቆ በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ራሱን ይከልል፥ መናወጡም ሲቆም በሥርዓት ይውጣ። በውጭ ያለ ከግንብና ከመብራት ሽቦ ይራቅ። ይህን ለልጆች በሰላም ቀን ማስተማር ይገባል፤ በጭንቅ ሰዓት የሚታወሰው አስቀድሞ የተለመደ ብቻ ነው።

የሕዝብ አስተማሪ የሆንን እኛም ድርሻ አለን። ከተናወጠ በኋላ ሰው የሚሰበሰበው ወደ ደጀ ሰላም ነው፤ በዚያ የሚሰማው ቃልም ወይ ያረጋጋዋል፥ ወይ ያባባዋል። ስለዚህ ያልተረጋገጠ ወሬ ከአፋችን አይውጣ፤ ቤታቸው ለፈረሰባቸው የሚሆነውን እህልና ልብስ ማሰባሰብ ግን ከቃል ይቅደም። ደግሞም እንደ ቀደሙት ደብተሮች ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የፈረሰውንና የተሰነጠቀውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጻፍ። ከእኛ በኋላ የሚመጣው መርማሪ ይፈልገዋል፤ በዚያ ስፍራ ቤት የሚሠራው ልጃችንም ይጠቀምበታል።