ሆዳችሁን አድምጡ፣ ከማዕዱም አትራቁ

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ በበዓል ቀን ሰው ቤት ገብቶ «ይሄ አይስማማኝም» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ጉርሻው ተጠቅልሎ አፋችሁ ጋ ደርሷል፤ «በሞቴ» ተብሏል፤ የቤቱ እመቤት ዓይንም እናንተ ላይ ነው። ጥሬ ሥጋ የማይስማማው፣ ወተት ሆዱን የሚነፋው፣ ስንዴ የሚያሳምመው ወይም ሚጥሚጣ ጨጓራውን የሚያቃጥለው ሰው በዚህች ቅጽበት ይጨነቃል። አንዱ ዝም ብሎ ይጎርስና ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ሌላው በሚቀጥለው ዓመት ሰበብ ፈልጎ ይቀራል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም የጉራጌ ማዕድ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ሰፊ ነው። ሆዱ ለሚመርጥ ሰው የሚሆን ምግብ አለው፤ መምረጥንም እንደ ነውር አይቆጥርም።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእንሰት ጓሮ ውስጥ የቆመው ተክል ሁሉ ለማያውቀው ሰው አንድ ይመስላል፤ ለጉራጌ ገበሬ ግን እያንዳንዱ ስም አለው፣ ሥራም አለው። አንዱ ለቆጮ ይመረጣል፣ ሌላው ቡላው ይወደዳል፣ ሌላው አሚቾው፣ ማለትም ሥሩ፣ ተቀቅሎ ይጣፍጣል። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ደግሞ እንደ አስታራና ጓርየ ያሉት ዝርያዎች ተፈልገው አሚቾአቸው ተቀቅሎ ይሰጠዋል። አራስ ቡላ ገንፎ ይሠራላታል። የሰውየውን ሁኔታ አይቶ ምግብ መምረጥ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። እናንተም «ለእኔ የሚስማማኝ የቱ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ የአያቶቻችሁን ጥያቄ ነው የምትጠይቁት። ስለዚህ ቀና ብላችሁ ጠይቁ!

እስቲ ከቆጮ እንጀምር። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ትንሹን አንጀቱን ያጠቃዋል፤ ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይመላለሳል፣ ደም ያንሳል፣ ክብደት ይቀንሳል። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል፤ አብዛኛው ግን ሳያውቀው ይኖራል። በውጭ አገር እንዲህ ያለው ሰው ግሉተን የሌለበትን ዳቦ ለብቻው በውድ ዋጋ ይገዛል። እዚህ ግን በኮባ ተጠቅልሎ ገበያ የሚወጣው ቆጮ ከመጀመሪያውም ግሉተን የለውም። ቡላም አሚቾም እንደዚያው ናቸው። የጤፍ እንጀራም ይሆናል፤ ብቻ ገብስ ወይም ስንዴ ተደባልቆበት እንደሆነ ጋጋሪዋን መጠየቅ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ሴሊያክ ይኖርብኛል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትመረመሩ ስንዴ አትተዉ። አስቀድማችሁ ከተዋችሁት የደም ምርመራው ሕመሙን ሊስተው ይችላል።

ቆጮን «የገጠር ምግብ» ብሎ የሚያፍርበት ወጣት ሳይ ልቤ ያዝናል። እንሰትን አልምቶ ዋና ምግቡ ያደረገ አገር ኢትዮጵያ ብቻ ናት፤ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝባችን በእሱ ይኖራል። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ሕዝቡን የጠራው በእንሰት ባህሉ ነው። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ፍቆ፣ ጨምቆ፣ በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ ቀብሮ፣ እያገላበጠ የሚያበስለው የሴቶች ክንድ ነው። እናንተ ጠረጴዛ ላይ ተቆርጦ የሚቀርብላችሁ ያ ሁሉ ድካም ነው። በኩራት ብሉት።

ኩራት ግን ከእውቀት ጋር ይሁን። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ካልሲየምም አለው፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ቡላ ደግሞ ከሞላ ጎደል ስታርች ነው። ስለዚህ ቆጮ ብቻውን ሕፃን አያሳድግም፤ ባቄላ፣ አተር፣ አይብ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ሊከተለው ይገባል። የስኳር ሕመም ያለባችሁም ቆጮና ቡላን እንደ ሌላው ስታርች ሁሉ መጥናችሁ ብሉ፤ ጎመኑን ጨምሩበት። ጎመንና አይብ ከቆጮ ጎን አብረው የሚቀርቡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። እኔ ከማዕዱ ሁሉ አስበልጬ የምወደውም በደንጌሳት ማታ የሚቀርበውን የጎመን ክትፎ ነው። የመስቀል ሰሞን ከሥጋው በፊት የሚጀመረው በዚህ ነው፤ በደንብ ከተከተፈና ቅቤው ከጠገበ ሥጋ የማይበላ ሰው ቀረብኝ የሚለው ነገር የለም።

ወተት የማይስማማችሁስ? ብቻችሁን አይደላችሁም። ከዓለም አዋቂ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር በሚገባ የመፍጨት አቅሙ ከልጅነቱ በኋላ ይቀንስበታል። ይህ ድክመት አይደለም፤ የሰውነት ተፈጥሮ ነው። የምሥራቹ እነሆ፦ ወተት እርጎ ሲሆን ረቂቃን ሕዋሳት ከላክቶሱ ከፊሉን ይበሉታል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣና አሬራው ተሞቆ አይብ ሲሆን ከቀረው ላክቶስ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ንጥር ቅቤ ላይ ሲደረስማ ምንም አይቀርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ወተት የሚያስቸግረው ሰው አይብና ንጥር ቅቤ ያለ ችግር ሊበላ ይችላል። በትንሽ ጀምራችሁ ሞክሩት። የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አይብም ሆነ ቅቤ ሊጎዳው ይችላልና ያለ ሐኪም ምክር አይሞክረው።

ስለ ክትፎ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ክትፎ ጥሬ፣ ለብለብና የበሰለ ተብሎ የሚታዘዝ ምግብ ነው፤ ሦስቱም የክትፎ ቤት አስተናጋጅ ሳይገረም የሚቀበላቸው ትእዛዞች ናቸው። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስይዝ ይችላል። ለብለቡ ሞቀ እንጂ አልበሰለም፤ በሥጋው ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል እጭ አስተማማኝ አድርጎ የሚገድለው ሥጋው ውስጡ ድረስ ሲበስል ነው። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃን ልጅ፣ በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው የበሰለውን ይዘዙ። ቅቤው ያው ነው፣ ኮረሪማው ያው ነው፣ አብሯችሁ የሚበላው ሰውም ያው ነው። «የበሰለ ይሁንልኝ» ለማለት የምታፍሩበት ምንም ምክንያት የለም፤ ዛሬውኑ ጀምሩት!

ቡታጅራ ላይ ስንደርስ በርበሬውን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም፤ የማረቆ በርበሬ ስሙ በአገር ሁሉ የታወቀ ነው። በዚያው አካባቢ ደግሞ ጨጓራን የሚመለከት ትልቅ ታሪክ አለ። በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን መሠረተ። በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. በዚያ ላይ ተመሥርቶ ከ1000 በላይ ነፍሰ ጡር እናቶች ተመዘገቡ፤ ልጆቻቸውም ከተወለዱ ጀምሮ ስለ አስም፣ ስለ ቆዳ አለርጂና ስለ ሌሎች ሕመሞች ተጠኑ። ከተጠኑት ነገሮች አንዱ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ነበር፤ ገና በሦስት ዓመታቸው ብዙ ልጆች ላይ ተገኘ። እናቶቹ በሚመዘገቡበት ሰሞን፣ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ባክቴሪያው ጨጓራን እንደሚያቆስል ያሳዩት አውስትራሊያውያን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ማርሻል የተናገረውን ለማሳመን በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ የታመመ ሰው ነው።

ይህን የማነሣው «እኔ የጨጓራ ሰው ነኝ» ብላችሁ ተስፋ ለቆረጣችሁ ነው። ለዓመታት ሚጥሚጣንና ቡናን ስትወቅሱ ኖራችሁ ይሆናል፤ ቃጠሎውን ሊያብሱት ይችላሉ፤ ከሥሩ ያለው ግን በመድኃኒት የሚድን ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። መድኃኒት ከታዘዘላችሁ «ተሻለኝ» ብላችሁ በመሐል አታቋርጡት። ሕመማችሁን ጠባያችሁ አድርጋችሁ አትቀበሉት፤ ገና የምትበሉት ብዙ በርበሬ ይጠብቃችሁ ይሆናል።

ከጓሮ ወጣ ብንል ደግሞ አጋም፣ ቀጋ፣ ኮሽም፣ እንጆሪና ዶቅማ አሉ፤ ልጅ ሆነን በነፃ የለቀምናቸው፣ ስናድግ የረሳናቸው። እጅን የሚለበልበው ሳማ እንኳ ሲቀቀል መለብለቡ ይጠፋል፤ በብረትና በካልሲየም የበለጸገ ወጥም ይወጣዋል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ስማቸውን አስተምሯቸው። ብቻ የጫካ ሁሉ ደኅና አይደለም፤ በአካባቢው የኖረ ሽማግሌ ወይም ባልቴት በስሙ የማያውቀውን ፍሬ አትቅመሱ፤ እንጉዳይንም በግምት አትልቀሙ። ያገር ምግብ መሆን ብቻም ዋስትና አይሆንም፤ ጓያ በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግር የሚያሽመደምድ የአገራችን እህል ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። አንድ ደብተር አዘጋጁና ለሁለት ሳምንት የበላችሁትን፣ ሰዓቱንና ሆዳችሁ ያላችሁን ጻፉ። ከዚያ የጠረጠራችሁትን አንድ ምግብ ብቻ ለሁለት ሳምንት ተዉና መልሳችሁ ሞክሩት (ስንዴ ከሆነ ግን እንዳልኩት አስቀድማችሁ ተመርመሩ)፤ አምስት ነገር አንድ ላይ ብትተዉ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አታውቁም። ይህ ግን ለሆድ መንፋትና ለቃጠሎ እንጂ ለአለርጂ አይደለም። ለውዝ፣ እንቁላል ወይም ዓሣ በልቶ ከንፈሩ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቤት ውስጥ አይሞክር፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ያወቃችሁትን ደግሞ ጉርሻው ሳይጠቀለል ተናገሩ። መስቀል ከመድረሱ በፊት ስልክ ደውሉ። «እትዬ፣ ዘንድሮ እመጣለሁ፤ ጥሬ ሥጋ ሐኪም ከልክሎኛል፣ የእርስዎን ቆጮና ጎመን ግን እንዳይቆጥቡብኝ» በሉ። አስቀድሞ የተነገራት እመቤት አትቀየምም፤ የምታዘጋጅላችሁን ታውቃለችና ደስ ይላታል። ማዕዱ ላይም የምትበሉትን በደንብ ብሉ፣ አመስግኑ፣ ድገሙ፤ ባለቤቱን የሚያስከፋው ሳህኑን ሳይነኩ መቀመጥ ነው። ጉርሻ ሲመጣም «ከጎመኑ ያጉርሱኝ» ማለት ይቻላል።

ጋባዥ የሆናችሁም ድርሻ አላችሁ። ስትጠሩ «የማይስማማህ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክትፎው በሚጥሚጣ ከመታሸቱ በፊት ጥቂቱን ለይታችሁ በንጥር ቅቤ ብቻ አብስሉት፣ በሌላ ጣባም አቅርቡት። ጎመኑን ከአይቡ ጋር ሳትቀላቅሉ ለየብቻ አኑሩ፤ ሚጥሚጣውንም በትንሽ ሳህን አስቀምጡት፣ የወደደ ይጨምራል።