ስለ ጭጋግ ጥሩምባና ስለ ጀልባ ድምፅ ማጉያ

በባሕር ላይ የሚሄድ ሰው ብርቱ ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፤ እነዚህም ማዕበል፥ ዐለትና ጭጋግ ናቸው። ማዕበል እየጮኸ ይመጣል፤ ዐለትም በባሕር ካርታ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ጭጋግ ግን ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ ዓይንን ይጋርዳል። በጭጋግ ውስጥ ፋኖስ ቢበራ ብርሃኑ ሩቅ አይደርስም። በዚህ ጊዜ ዓይን የተወውን ሥራ ጆሮ ይቀበለዋል። ስለዚህ መርከቦች በጥሩምባ ድምፅ ያሉበትን ስፍራ እርስ በርሳቸው ያስታውቃሉ። ዛሬ በጭጋግ ውስጥ አሻግሮ የሚያሳይ ራዳር የሚባል መሣሪያ ቢኖርም፥ ትንንሽ ጀልባዎች ሁሉ ይህን መሣሪያ አልያዙም፤ የጥሩምባውም ሕግ አልተሻረም።

የጭጋግ ጥሩምባ እንዴት እንደ ተጀመረ

በካናዳ አገር ሴንት ጆን የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በዚያ ባሕር ጭጋግ ይበዛል። ሮበርት ፎውሊስ የሚባል በስኮትላንድ የተወለደ መሐንዲስ በዚህች ከተማ ይኖር ነበር። አንድ ቀን በጭጋግ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሴት ልጁ የምትመታውን ፒያኖ ከሩቅ ሰማ፤ ነገር ግን ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ሲደርሰው ቀጭኑ አልደረሰውም ተብሎ ይነገራል። እርሱም በእንፋሎት ኃይል የሚጮህ ወፍራም ፉጨት እንዲተከል አሳሰበ። ይኸውም ፉጨት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በወደቡ አፍ ባለችው በፓርትሪጅ ደሴት ላይ ተተከለ። ብዙ መርከበኞች በዚህ ሥራ ሲጠቀሙ ፎውሊስ ግን በ1866 ዓ.ም. በድህነት ሞተ።

ወፍራም ድምፅ ከቀጭን ድምፅ ይልቅ ሩቅ መሄዱ እውነት ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ አየር ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበውን ቀጭን ድምፅ ይበልጥ እየዋጠ ያደክመዋልና። ስለዚህ የትልልቅ መርከቦች ጥሩምባ ድምፁ ወፍራም ነው።

ድምፅ በርቀት ስለ ምን ይደክማል

ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ድንጋይ በኩሬ ውስጥ በተጣለ ጊዜ ማዕበሉ ክብ እየሠራ እንደሚሰፋ፥ ድምፅም ከመነሻው እየሰፋ ይሄዳል። ጉልበቱ ያው ሲሆን የሚሸፍነው ስፍራ ስለሚበዛ በእያንዳንዱ ስፍራ የሚደርሰው ያንሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጉልበት አንድ አራተኛ ይሆናል፤ ርቀቱ አራት እጥፍ ሲሆን አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰዎች አያስተውሉትም። አንድ ጀልባ 15 ዋት ኃይል ያለው ድምፅ ማጉያ ቢኖረውና ቃሉ እስከ 100 ሜትር ቢሰማ፥ ባለቤቱ 30 ዋት የሆነ ቢገዛ 200 ሜትር ይሰማል ብሎ ያስባል። ነገር ግን 140 ሜትር ያህል ብቻ ይሰማል። 200 ሜትር ለማድረስ 60 ዋት ያስፈልጋል። እንግዲህ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ኃይል ከመግዛት በፊት፥ ያለው ኃይል በከንቱ እንዳይጠፋ መመርመር ይሻላል።

ስለ ጥሩምባ ቅርጽ

መለከት የሚነፋ ሰው ቀንዱን ትቶ በከንፈሩ ብቻ ቢነፋ ድምፁ ከጎረቤት አያልፍም። በቀንዱ ሲነፋ ግን ከተራራ ወደ ተራራ ይሰማል። ቀንዱ ጉልበት የሚጨምር አይደለም፤ ጉልበቱ የነፊው ነው። የቀንዱ ሥራ ይህ ነው፤ ጠባቡ አፍ የከንፈሩን መርገብገብ አጥብቆ ይይዛል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ ለብዙ አየር ያስረክበዋል። ደግሞም ድምፁ ወደ ሁሉ ወገን እንዳይበተን ወደ ፊት ይመራዋል።

የጀልባ ጥሩምባና ድምፅ ማጉያም እንዲሁ ነው። በውስጡ በኤሌክትሪክ ወይም በታመቀ አየር የሚርገበገብ ስስ ገበታ አለ፤ በፊቱም እየሰፋ የሚሄድ ቀንድ ተገጥሞለታል። ስለዚህ ቀንዱ የተጨረመተ ወይም ውሃና ጨው የሞላበት እንደ ሆነ ድምፁ ይታፈናል።

ድምፅ የሚጠፋባቸው ምክንያቶችና መድኃኒታቸው

በመጀመሪያ ሽቦው ይመርመር። ከባትሪ እስከ ጥሩምባ ያለው ሽቦ ቀጭንና ረጅም ከሆነ፥ ወይም መጋጠሚያው በባሕር ጨው የዛገ ከሆነ፥ የኤሌክትሪኩ ኃይል በመንገድ ይቀራል። ባትሪው 12 ቮልት ሰጥቶ ጥሩምባው ዘንድ 10 ቮልት ብቻ ቢደርስ፥ ጉዳቱ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ኃይሉ ከ100 ክፍል ወደ 69 ክፍል ገደማ ይወርዳል። መድኃኒቱ ወፍራም ሽቦ መዘርጋት፥ ዝገቱንም ፍቆ መጋጠሚያውን ማጥበቅ ነው።

ሁለተኛ ስፍራው ይመርመር። ጥሩምባ ከፍ ባለ ስፍራ፥ በፊቱ ሸራ ወይም ግድግዳ ወይም ሰው በሌለበት ይተከላል። አፉም ወደ ጀልባው ፊት ይዞራል፤ ዝናብና የማዕበል ውሃ እንዳይቆምበት ጥቂት ወደ ታች ያዘነብላል። ከፍ ብሎ መተከሉ ለጀልባው ሰዎች ጆሮም ይበጃል፤ ብርቱ ጥሩምባ በቅርብ ሲሰማ ጆሮን ያደነቁራልና። ሕጉም ሰዎች ቆመው በሚያዳምጡበት ስፍራ የራሳቸው የመርከብ ጥሩምባ ከ110 ዴሲቤል እንዳያልፍ ያዛል።

ሦስተኛ አነጋገሩ ይመርመር። የሚናገረው ሰው መነጋገሪያውን ወደ ከንፈሩ ያቀርባል፤ በቀንዱ ፊት ግን አይቆምም። ከቀንዱ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ መነጋገሪያው የገባ እንደ ሆነ መሣሪያው ያፏጫል፥ ቃሉም አይሰማም። ቃሉ አጭር ይሁን፤ በዝግታም ይነገር፤ ሁለት ጊዜም ይደገም። ያለ ልክ የሚጮህ ሰው ድምፁ ይበላሻል እንጂ አይጠቅምም።

አራተኛ የሰሚው ጆሮ ይታሰብ። መስማት በድምፁ ብርታት ብቻ አይደለም፤ በሰሚው ዙሪያ ባለው ጸጥታም ነው። የትንሽ ጀልባ ነጂ ጥሩምባውን ከነፋ በኋላ፥ አደጋ የሌለበት እንደ ሆነ፥ ሞተሩን ዝም አሰኝቶ ያዳምጣል። የራሱ ሞተር እየጮኸ መልስ የሚጠብቅ ሰው መልሱ ቢመጣ እንኳ አይሰማውም።

አየር ድምፅን እንዴት እንደሚያስት

ጆን ቲንዳል የሚባል ስመ ጥር ሊቅ በ1873 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዶቨር አጠገብ በሳውዝ ፎርላንድ የጥሩምባን፥ የፉጨትንና የመድፍን ድምፅ መረመረ። ብዙ ሰው ጭጋግ ድምፅን ያፍናል ብሎ ያምን ነበር። ቲንዳል ግን በብሩህ ቀን ድምፁ ቶሎ ሲጠፋ፥ ጭጋግ በሆነበት ቀን ደግሞ ሩቅ ሲሰማ አገኘ። ድምፅን የሚያስተው የጭጋጉ ጠብታ ሳይሆን፥ የአየሩ ሙቀትና የነፋሱ አኳኋን ነው። ነፋስ በውሃው አጠገብ ዝግ ይላል፤ ከፍ ሲል ይፈጥናል። ስለዚህ ከነፋሱ ትይዩ የሚሄድ ድምፅ ወደ ሰማይ ይታጠፋል፤ በታች ያለውም ሰሚ ሳይሰማው ይቀራል። እንግዲህ ድምፅ አለመሰማቱ መርከብ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ሕጉ የሚያዝዘው

መርከቦች እንዳይጋጩ በ1972 ዓ.ም. የተጻፈውና ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የመንግሥታት ሕግ፥ ርዝመታቸው 200 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች ጥሩምባ በአንድ ሜትር ርቀት 143 ዴሲቤል እንዲሆን ያዛል። እንዲህ ያለው ድምፅ 2 የባሕር ማይል ያህል ይሰማል ተብሎ ይገመታል። ከ12 ሜትር የሚያንስ ጀልባ ይህን ዐይነት ጥሩምባ እንዲይዝ አይገደድም፤ ነገር ግን በሚገባ የሚሰማ ሌላ የድምፅ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል።

በጭጋግ ጊዜ በሞተር የሚሄድ መርከብ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ የሚቆይ አንድ ረጅም ድምፅ ያሰማል፤ ይህንም 2 ደቂቃ ሳያልፍ ይደግማል። ሞተሩ አቁሞ በውሃው ላይ ዝም ብሎ ያለ መርከብ ሁለት ረጅም ድምፅ ያሰማል። በሸራ የሚሄድ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ያሰማል።

ብርቱ ድምፅ ብቻውን እንደማይበቃ

በ1914 ዓ.ም. በግንቦት 29 ቀን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፥ ኤምፕረስ ኦቭ አየርላንድ የምትባል የመንገደኞች መርከብ በካናዳ በሴንት ሎረንስ ወንዝ ስትሄድ፥ ስቶርስታድ ከምትባል የኖርዌይ የከሰል መርከብ ጋር ተገናኘች። ጭጋጉ ሳይጋርዳቸው ሁለቱ መርከቦች ተያይተው ነበር። ከጋረዳቸውም በኋላ በፉጨት ተሰማምተዋል። ሆኖም አንዱ የሌላውን አካሄድ በሐሳቡ ገመተ፤ ግምቱም ሳተ። መርከቢቱ ጎኗን ተወግታ በ14 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች፤ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ።

በዚያ ሌሊት የጎደለው የድምፅ ብርታት አልነበረም። ድምፅ መርከብ እንዳለ ያስታውቃል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን በእርግጥ አያሳይም። ስለዚህ አስተዋይ መርከበኛ ጥሩምባውን ይነፋል፥ ፍጥነቱን ይቀንሳል፥ ያዳምጣል፤ ያልታየውንም ነገር እንደ ታየ አድርጎ አይቈጥርም።

ጥያቄ

1. ወፍራም ድምፅ ከቀጭን ድምፅ ይልቅ ሩቅ የሚሄደው ስለ ምንድን ነው?
2. የድምፅ ማጉያ ኃይል እጥፍ ቢሆን የሚሰማበት ርቀት እጥፍ የማይሆነው ስለ ምንድን ነው?
3. የመለከት ቀንድ ሥራው ምንድን ነው?
4. የጥሩምባ ድምፅ ደካማ ሲሆን በመጀመሪያ ምን ይመረመራል?
5. መብረቅ ከታየ በኋላ ነጐድጓዱ 6 ሰከንድ ቆይቶ ቢሰማ፥ መብረቁ ስንት ሜትር ይርቃል?