ስልኩ ይሠራል፣ ኮምፒዩተሩ ግን አይከፍትም፤ ለኩባንያው ከመደወላችን በፊት

በአሽዶድ ሮቫ ዛይን የሚኖሩ አንዲት እናት ለዓመታት በጽዳት ሥራ ካገለገሉበት ቦታ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። በማግሥቱ በቤታቸው ኮምፒዩተር ሊሽካት ታዓሱካ ለመመዝገብ ቢሞክሩ ገጹ አልከፍት አለ። ለኢንተርኔት ኩባንያቸው ደወሉ። «ራውተርዎ አርጅቷል» ተባሉና በየወሩ የሚከፈልበት አዲስ ራውተር መጣላቸው። ገጹ ግን አሁንም አልከፈተም። ስድስት ቀን እንዲህ አለፈ።

በሰባተኛው ቀን ሄደን ስናይ ባለቤታቸው እዚያው ሳሎን ተቀምጠው በስልካቸው ዜና ይመለከታሉ። ስልኩ በቤቱ ዋይፋይ ነው የሚሠራው። እናታችንም «የሱ እኮ ደኅና ነው፤ እምቢ ያለው የኔ ነው» አሉን። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ ነበር፤ በስልክ ያነጋገራቸው ሰው ግን ይህን አልጠየቃቸውም።

ስለዚህ ኢንተርኔት ጠፋ ስትሉ መጀመሪያ ይህን አድርጉ። ስልካችሁ ላይ የሴሉላር ዳታውን አጥፉና ዋይፋይ ብቻ ተዉ፤ ከዚያ አንድ ገጽ ክፈቱ። ስልኩም ካልከፈተ ችግሩ ከራውተሩ ወይም ከመስመሩ ነው። ራውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩና መልሱት፤ ኬብሎቹ በደንብ መግባታቸውን እዩ። የሲቭ ኦፕቲት መስመር ያላቸው ቀጭኗን ኬብል እንዳያጥፏት ይጠንቀቁ፤ ውስጧ መስታወት ነው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተነሣ ያኔ ለኩባንያው ደውሉ። በሕጉ መሠረት ስለ ብልሽት፣ ስለ ሒሳብና ውል ስለማቋረጥ ለሚደውል ደንበኛ በ6 ደቂቃ ውስጥ ሰው ሊመልስለት ይገባል፤ «1 ይጫኑ፣ 2 ይጫኑ» ብቻ አይበቃም። ስትደውሉ የደወላችሁበትን ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገራችሁንም ሰው ስም በወረቀት ያዙ።

ስልኩ እየሠራ ኮምፒዩተሩ ብቻ እምቢ ካለ ግን አዲስ ራውተር አያስፈልጋችሁም። ችግሩ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው።

ሁለት ቀላል ነገሮችን አስቀድሙ። አንደኛው ቦታው ነው። ኮምፒዩተሩ ማማድ ውስጥ ከሆነ የማማዱ ግድግዳ ብረት ያለበት ወፍራም ኮንክሪት ስለሆነ ዋይፋዩን ያዳክመዋል፤ ወደ ሳሎን አውጥታችሁ ሞክሩ። ሁለተኛው በማያ ገጹ ጥግ ያለው ቀንና ሰዓት ነው። ያረጀ ኮምፒዩተር ውስጧ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ ቀኑን ይረሳል። ቀኑ ከተሳሳተ የባንክና የመንግሥት ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፍቱም። ብዙ ሰው ቫይረስ ገባብኝ ብሎ ይደነግጣል፤ ቀኑን ማስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው።

ወደ ሮቫ ዛይኗ እናት እንመለስ። በኮምፒዩተራቸው ላይ ስንት ጠባቂ አገኘን? አራት። አንዱ ኮምፒዩተሩ ሲገዛ አብሮ የመጣ የሙከራ አንቲቪሩስ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ግን አልተነሣም። ሁለተኛው በስልክ የተሸጠላቸውና በየወሩ ሒሳባቸው ላይ የሚጨመር ነው። ሦስተኛው ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ መጥፎ ገጽ እንዳያዩ የተጫነ ማጣሪያ ነው። አራተኛው ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው ዲፌንደር ነው።

አንቲቪሩስ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ፕሮግራም አይደለም። በኮምፒዩተራችሁና በኢንተርኔቱ መካከል ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ይፈትሻል። አንዳንዱ የተቆለፈውን ገጽ ሳይቀር በራሱ ቁልፍ ከፍቶ አይቶ መልሶ ይዘጋል። በአንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ቆሞ አንዱ የፈተሸውን ሌላው «ይህ የተነካካ ነው» ብሎ ሲመልስ አስቡት። ኮምፒዩተሩ «ተገናኝቷል» ይላል፣ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፣ ገጽ ግን አይከፈትም። ወይም አንዱ ይከፈትና የባንኩ አይከፈትም። ኮምፒዩተሩም እንደ ኤሊ ይንቀረፈፋል። «ሁለት አንቲቪሩስ ከአንድ ይሻላል» የሚለውን የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ እኛም በፊት እንዲያ እናስብ ነበር። ከአንድ በላይ አያስፈልግም፤ ሁለቱ እኩል ሲሠሩ ጥበቃውንም ኢንተርኔቱንም ያበላሻሉ።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ሰው ዲፌንደርን በነጻ አለው። ሌላ አንቲቪሩስ ሲጫን ዲፌንደር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ቦታ ይለቃል፤ ሌላው በሥርዓት ሲነሣ ደግሞ ይመለሳል። ችግር የሚመጣው ያለፈበት ፕሮግራም ሳይነሣ ሲቀር፣ ወይም በግማሽ ሲነሣ ነው።

እንዴት ይነሣል? ሃግዳሮት ግቡና የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ክፈቱ። የአንቲቪሩሱን ስም ፈልጋችሁ «ሃሳራት ሃትካና» የሚለውን ተጫኑ። አንዱን አንሡ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ አስነሡ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትንኩ። አልወጣም ካለ ወይም ከወጣ በኋላ ችግሩ ካልቀረ፣ ትልልቆቹ አንቲቪሩስ አምራቾች የራሳቸውን ቅሪት የሚያጸዳ ልዩ መሣሪያ በነጻ ያቀርባሉ። ይህን ከአምራቹ ከራሱ ገጽ ብቻ አውርዱ። በፍለጋ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የአምራቹ አይደለም፤ እዚያ የተታለሉ ሰዎች አሉ። ኢንተርኔቱ ስለማይሠራ ከጎረቤት ኮምፒዩተር አውርዳችሁ በዲስክ ኦን ኪ ማምጣት ትችላላችሁ።

በእናታችን ቤት ሁለቱን አንቲቪሩሶችና ማጣሪያውን ካነሣን በኋላም ገጹ አልከፈተም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። የቀረው ፕሮክሲ ነበር። ማጣሪያው ይሠራ በነበረበት ጊዜ ለኮምፒዩተሩ «ወደ ኢንተርኔት ከመውጣትህ በፊት በእኔ በኩል እለፍ» ብሎ ጽፎበት ነበር። እሱ ሄደ፣ ትእዛዙ ቀረ። ኮምፒዩተሩ በሌለ በር ሊወጣ ይሞክራል። በሃግዳሮት ውስጥ «ሬሼት ቬኢንቴርኔት» የሚለውን፣ ከዚያ «ፕሮክሲ» የሚለውን ስትከፍቱ 127.0.0.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ማብሪያው በርቶ ካገኛችሁ ይኸው ነው፤ ያ ቁጥር የኮምፒዩተሩ የራሱ አድራሻ ነው። ማብሪያውን አጥፉት። በሥራ ቦታ ኮምፒዩተር ላይ ግን ይህን አትንኩ፤ እዚያ ፕሮክሲው ሆን ተብሎ የተደረገ ሊሆን ይችላል። በእናታችን ኮምፒዩተር ላይ ይህን እንዳጠፋን ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ሁሉ ነገር አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ ቡናውን ጨምሮ።

ይህም ካልሠራ ዊንዶውስ ውስጥ የኔትዎርኩን አሠራር እንደ አዲስ የሚጀምር ምርጫ አለ። እሱን መጨረሻ ላይ ብቻ ሞክሩ፤ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ስለሚረሳ አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉት።

ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ማጣሪያው ሲነሣ ትሰጉ ይሆናል። የኢንተርኔት አቅራቢዎች ከጎጂ ገጾች የሚጠብቅ መሠረታዊ ማጣሪያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጡ በሕግ ይገደዳሉ። ደውላችሁ ጠይቁ፤ ለሌላ ማጣሪያ ከመክፈላችሁ በፊት።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ አደጋ አለ። ኮምፒዩተር ሲያስቸግር ሰው ይጨነቃል፤ የተጨነቀን ሰው የሚፈልጉ ደግሞ አሉ። ማያ ገጹን የሚሞላ ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ «ኮምፒዩተርዎ ተበክሏል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ካለ አትደውሉ። እውነተኛ አንቲቪሩስ ስልክ ቁጥር ሰጥቶ ደውሉልኝ አይልም። ደውሎ «ከማይክሮሶፍት ነኝ፣ ኮምፒዩተርዎን ከርቀት ልክፈተው» ለሚልም ሰው አትፍቀዱ። ፈቅዳችሁ ከሆነ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ንቀሉ፣ ለባንካችሁ ደውሉ፣ ከዚያም የብሔራዊ ሳይበር መሥሪያ ቤት መስመር ወደሆነው 119 ደውሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የእናታችን ራውተርም አንቲቪሩስም በስልክ ንግግር የተሸጡ ነበሩ፤ ሁለቱም ውሎች ደግሞ በባለቤታቸው ስም ናቸው፣ እሳቸውም 70 ዓመታቸው ነው። በስልክ የተደረገን ግዢ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ እንደሚቻል ብዙ ሰው ያውቃል። ዕድሜው 65 የሞላው፣ አካል ጉዳተኛ ወይም አዲስ ዖሌ የሆነ ሰው ግን ሻጩ ካነጋገረው እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከውሉ፣ ዕቃው ከደረሰበት ወይም ዝርዝሩ በጽሑፍ ከተሰጠበት ቀን የኋለኛውን ይዞ ነው። የስረዛ ክፍያውም ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ለተጠቀሙበት ጊዜ ግን ይከፈላል። ሳትጠብቁ ለሦስት ወር ያህል የሒሳብ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ «አቭታሃ» ወይም «ሃጋና» የሚል መስመር ፈልጉ፤ ያላዘዛችሁት ክፍያ እዚያ ሊኖር ይችላል።

የማይመለሰው ግን ስድስቱ ቀን ነው። የሥራ አጥነት ክፍያ የሚቆጠረው ሊሽካ ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ እንጂ ከሥራ ከወጡበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ሥራ ያጣ ሰው ኢንተርኔቱ እምቢ ካለው ጥገናውን አይጠብቅ። በስልክ ይመዝገብ፣ የልጁን ኮምፒዩተር ይጠቀም፣ ካልሆነም ቴዑዳት ዜሁቱን ይዞ በዚያው ቀን ወደ ሊሽካው በአካል ይሂድ። ራውተሩ ነገም ይጠገናል።