በቦይለር ውስጥ የሚሰፋው ውኃ ወዴት ይሄዳል?

እንደሚታወቀው በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች ብርድ የሚመከተው በጋቢና በከሰል ምድጃ ነው፤ እንደ አውሮፓ ቤቶች ሙቅ ውኃን በየክፍሉ የሚያዘዋውር ማሞቂያ አልተለመደም። የገላ መታጠቢያ ውኃን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ቦይለር ግን በየሆቴሉና በብዙ መኖሪያ ቤት ይገኛል። ሁለቱ ማሞቂያዎች አንድ የጋራ ችግር አለባቸው፤ ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲጫኑት ግን በቀላሉ አይታመቅም። በዚህ ጽሑፍ ለችግሩ መፍትሔ የሆነውን የመስፋፊያ ጋን አሠራር፣ ብልሽትና አለዋወጥ እንመለከታለን።

80 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ መጠኑ 1.9 በመቶ ያህል፣ ማለትም በ1.5 ሊትር ይጨምራል። ቦይለሩ ውኃ የሚያገኘው ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ ሮቶ ከሆነ ትርፉ በመጣበት ቧንቧ ተመልሶ ወደ ሮቶው ይገባል፤ ሮቶው ራሱ ክፍት የመስፋፊያ ጋን ነው ማለት ይቻላል። መስመሩ ላይ ውኃን ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ከተገጠመ ግን መንገዱ ይዘጋል። ፓምፕ ባላቸው ቤቶች የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

የመስፋፊያ ጋን ውስጡ በጎማ ገለፈት ለሁለት የተከፈለ የብረት ዕቃ ነው። በአንደኛው ወገን ውኃ ይገባል፤ በሌላኛው የታመቀ አየር ወይም ናይትሮጅን አለ። ውኃው ሲሰፋ ገለፈቱን ገፍቶ ጋዙን ያምቃል፤ ሲቀዘቅዝ ጋዙ መልሶ ይገፋዋል።

ስሌቱ የቦይል ሕግ ነው፤ ተማሪዎች በብዛት የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። ጌጅ የሚያነበው ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ ሕጉ የሚሠራው በፍጹም ግፊት ነው። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ታቦር የአየሩ ግፊት 0.73 ባር ያህል ነው። የቀዝቃዛው ውኃ ግፊት በጌጅ 3 ባር፣ ሲሞቅ የምንፈቅደው ደግሞ 5 ባር ቢሆን፣ ፍጹሞቹ 3.73 እና 5.73 ናቸው። ባለ 4 ሊትር ጋን በጌጅ ቁጥሮች ሲሰላ 1.6 ሊትር የሚቀበል ይመስላል፤ በትክክለኛው ስሌት ግን የሚቀበለው 1.4 ሊትር ብቻ ስለሆነ አይበቃም። ባለ 5 ሊትሩ 1.7 ሊትር ስለሚይዝ እሱን እንመርጣለን። በባሕር ጠለል 3 ባር የተሞላ ጋን ሙቀቱ ሳይለወጥ እዚህ ሲደርስ ጌጁ 3.28 ያህል ያነባል። ከወረታ የተገዛ የታሸገ ብስኩት ሽቅብ ሲወጣ የሚነፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ገለፈቱ ሲቀደድ ወይም ጋዙ ሲያልቅ፣ ቦይለሩ በሞቀ ቁጥር የደኅንነት ቫልቩ ውኃ ያንጠባጥባል። ጠብታው ስላስቸገራቸው ቫልቩን በቡሽ የሚደፍኑ ሰዎች አሉ፤ ይህ እጅግ አደገኛ ነው። በደብረ ታቦር ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በጌጅ 6 ባር የተዘጋ ውኃ ግን እስከ 163 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ጋኑ በዚህ ጊዜ ቢቀደድ ከውኃው ስምንት አንደኛው ያህል በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሊትርም ከ2,000 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል።

ለመለወጥ በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ አጥፍተን ውኃው እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን። ከዚያም የውኃ መግቢያውን ዘግተን፣ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ከፍተን ግፊቱን እናስተነፍሳለን። በጋኑ ጫፍ ያለውን፣ የመኪና ጎማ ቫልቭ የሚመስለውን ስንጫነው ውኃ ከወጣ ገለፈቱ ተቀዷል። ውኃም አየርም ካልወጣ ምናልባት ጋዙ ብቻ አልቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ጎሚስታ የሚጠቀምበት መንፊያና ጌጅ ይበቃል። ልኬቱ የሚወሰደው የውኃው ግፊት ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው፤ አለዚያ ጌጁ የሚያነብልን የውኃውን ግፊት ነው።

የተቀደደው ጋን ውኃ ስለሚሞላ ይከብዳል፤ ሲፈታ አንድ ሰው ይደግፈው፣ ባልዲም ከሥሩ ይቀመጥ። አዲሱን ከመግጠማችን በፊት ጋዙን ከቀዝቃዛው ውኃ ግፊት ጋር እናስተካክላለን፤ ጥርሱንም ቴፍሎን ጠቅልለን እናጠብቃለን። ውኃ ለቀን ከሙቁ ቧንቧ አየር መትፋቱ እስኪያበቃ እንጠብቃለን። ኤሌክትሪኩ የሚበራው ከዚህ በኋላ ነው፤ ባዶ ጋን ውስጥ የበራ የማሞቂያ ሽቦ ወዲያው ይቃጠላል። ውኃው እስኪሞቅ ጌጁን ብንከታተል ከ3 ተነሥቶ 5 ሳይደርስ ይቆማል፤ የደኅንነት ቫልቩም ደረቅ ሆኖ ይቆያል።