በማሊና በኒጀር ድንበር በቱዋሬግ መንደሮች ላይ የተፈጸሙ ጥቃቶች፦ «የጎሣ ግጭት» የሚለው አገላለጽ ምን ይሸፍናል?

ይህ አጭር ጽሑፍ በማሊ የመናካ ክልልና በአዋሳኙ የኒጀር ግዛት በቱዋሬግ መንደሮች ላይ የተፈጸሙ ጥቃቶችን ይመረምራል። «የጎሣ ግጭት» የሚለው አገላለጽ ብቻውን ጥቃቶቹ ለምን በዚያ ጊዜና በእነዚያ መንደሮች ላይ እንደደረሱ አያስረዳም ሲል ይከራከራል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በመናካ ከሚኖሩት አርብቶ አደሮች መካከል ዳውሳሃኮች ይገኛሉ። ከቱዋሬግ ወገን ቢቆጠሩም ቋንቋቸው ታዳክሳሃክ ከሶንጋይ ቋንቋዎች ይመደባል። ከድንበሩ ማዶ፣ በሰሜን ቲላቤሪ፣ የፉላኒ አርብቶ አደሮች ይኖራሉ። የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ድርቆች መንጋውን ከፈጁ በኋላ በግጦሽና በውኃ ጉድጓድ ላይ የሚደረገው ሽሚያ በረታ። የጦር መሣሪያ መስፋፋት የከብት ዘረፋውን ወደ ደም መመላለስ ለወጠው፤ ዳኝነት የሚሰጥ የመንግሥት አካል ግን በአካባቢው አልነበረም። በ2015 የተመሠረተው የታላቁ ሰሃራ እስላማዊ መንግሥት ይህን ክፍተት ተጠቅሞ ከለላ ከሚሹ ፉላኒዎች ተዋጊዎችን መለመለ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በ2017 መጨረሻና በ2018 ነው። አብዛኞቹ አባላቱ ዳውሳሃክ የሆኑት የአዛዋድ መዳን ንቅናቄና ጋቲያ የተባለው የቱዋሬግ ሚሊሻ ከፈረንሳይ ጦር ጋር በመተባበር በቡድኑ ላይ ዘመቱ። በዘመቻው ወቅት ሚሊሻዎቹ ሰላማዊ ፉላኒዎችን ገድለዋል የሚል ክስ ቀረበባቸው። በሚያዝያ 2018 በአክላዝና በአዋካሳ ከ40 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በመጋቢት 2021 በኒጀር ታዋ ክልል በአንድ ቀን በደረሰ ጥቃት፣ በመንግሥት መግለጫ መሠረት፣ 137 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ቱዋሬጎች ነበሩ። የፈረንሳይ ጦር ከማሊ ለመውጣት በሚሰናዳበት በመጋቢት 2022 ደግሞ በመናካ ክልል በታማላትና በኢንሺናን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ።

ከዚህ ቅደም ተከተል ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ የተዋጊው ድርጊት በዘመዱ መንደር ላይ ይቆጠራል፤ በመሆኑም ሚሊሻን በፀረ ሽብር ዘመቻ አጋር ማድረግ ያልታጠቀውን ወገኑን ለበቀል ያጋልጠዋል። ሁለተኛ፣ ቡድኑ ራሱ ከዳውሳሃኮችም ተዋጊዎችን ስላሰለፈ፣ ጎሣ ብቻውን የጎራ መለያ አይሆንም።

ስለዚህ ተመራማሪው የሟቾችን ጎሣ ከመመዝገብ አልፎ ከጥቃቱ በፊት በአካባቢው ማን እንደዘመተ፣ ከማን ጋር እንደተባበረና ሕዝቡን ያለ ጥበቃ ማን ትቶት እንደሄደ አብሮ ሊመዘግብ ይገባል። ይህ ካልተደረገ፣ መነሻና ተጠያቂ ያለው ጭፍጨፋ ከጥንት የተወረሰ ጠላትነት መስሎ ይቀራል።