ሁለት ቤት ያለው ተማሪ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንና ቤተሰቦቻቸውን በርቀት ትምህርት ስለ መደገፍ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገለጸ፤ ከሦስት ቀናት በኋላም ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ራቁ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ጥረት ተደረገ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በቤት እንዲያስጠኑ ተመከሩ። በዚህ ምክር ውስጥ ሳይመረመር የታለፈ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ቤት» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ድጋፉ የጎደለው በመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን የተማሪው ቤት የት እንደሆነ ባለመጠየቁም ጭምር ነው የሚል ነው። ማሳያው የጎንደር ከተማና የሰሜን ጎንደር ደጋ ነው።

በዚህ አካባቢ ለብዙ የገጠር ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚጀምረው ከወላጅ ቤት በመውጣት ነው። ከቀሐ እስከ አዘዞ ባሉት የጎንደር ሰፈሮች፣ እንዲሁም እንደ ዳባትና ደባርቅ ባሉት ከተሞች፣ ተማሪው ከአገሩ ልጆች ጋር በደባልነት አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይቀመጣል። ስንቁ በሶ፣ ድርቆሽ ወይም ዱቄት ሲሆን በገበያ ቀን ከወላጆቹ ይላክለታል፤ አልያም ራሱ ሄዶ ያመጣዋል። ስለዚህ ሁለት ቤት አለው። በአንደኛው መብራት፣ የስልክ መረብና የክፍል ጓደኛ ይገኛል፤ ወላጅ ግን የለም። በሌላኛው ወላጅ አለ፤ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ የለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪው ኪራዩን አቋርጦ ወደ ሁለተኛው ቤት ይመለሳል። የቴሌቪዥኑ ትምህርትና የቴሌግራሙ ፋይል በዚያው ጊዜ የሚደርሱት ተማሪው ለቆት ወደ ሄደው ቤት ነው።

በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተማር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የትምህርት ስርጭት ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽም በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው የሳተላይት ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብቷል። ፕላዝማ ስለ ፍጥነቱና ስለ ቋንቋው ብዙ ቢተችም፣ ያልተሰማውን በአማርኛ የሚደግም መምህር ከአጠገቡ ነበረው። በ2012 ዓ.ም. የጎደለው ይህ ሰው ነው። «የርቀት ትምህርት» የሚለው ስያሜም ቢሆን በአገራችን ሲለመድ የኖረው ሞጁል ተቀብሎ፣ ቱተር አግኝቶ፣ በራሱ ፈቃድ ለሚማር ሠራተኛ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪን በዚያ ስም መጥራት ያልተሰጠውን አቅም እንዳለው አድርጎ መቁጠር ነው። ኢንተርኔቱም ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር።

የቤተሰብ ድጋፍ ሲባል ወላጅ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ደብተር ሲመለከት ይታሰባል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ እናትና አባት ማንበብ ቢችሉ እንኳ በፊዚክስ መጽሐፉ ፊት እንግዳ ናቸው። የገበሬ ቤተሰብ ለልጁ ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ድጋፍ ጊዜ ነው፤ ይህም ከሥራ ነጻ የሆነ ሰዓት ማለት ነው። ትምህርት ቤቶቹ የተዘጉት ደግሞ ለዚህ በማይመች ወቅት ነበር። ከመጋቢት በኋላ እርሻው ይደጋገማል፤ በሰኔ ገብስና ስንዴ ይዘራል፤ ክረምቱ ሲገባ አረም ይከተላል። ቤት የዋለ ጎረምሳ ከበሬዎቹ ኋላ መቆሙን ማንም እንደ ጥፋት አያየውም፤ ወላጁም ሌላ እጅ የለውም። የሴት ልጅ ጉዳይ የባሰ ነው። ውኃና ማገዶው ወደ እርሷ ይመለሳል፤ የጋብቻ ጥያቄን «ትምህርት ላይ ናት» ብሎ መመለሻው ምክንያትም ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ይሳሳል።

ተማሪዎች በ2013 ዓ.ም. በየደረጃው ሲመለሱ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ ተደርጎ የ45 ቀናት ማካካሻ ታቀደላቸው። በ2012 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል የነበሩት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠውን አገር አቀፍ ፈተና ተፈተኑ፤ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጦርነቱም፣ የፈተናው አሰጣጥ መለወጡም፣ የቆየው የጥራት ችግርም ስላሉ ውጤቱን ለመዘጋቱ ብቻ መስጠት ስሕተት ይሆናል። ሆኖም የ45 ቀናት ማካካሻ የራዲዮ ድምፅ ያልደረሰውንና በከተማ ሆኖ ሲማር የከረመውን በአንድ ዓይን ያየ ነበር።

ታዲያ ድጋፉ በየትኛው መንገድ ይሂድ? መንገዱ አስቀድሞ አለ፤ የስንቁ መንገድ ነው። ስንቅ የሚያመጣው ሰው የታተመ የመልመጃ ወረቀት ይዞ ሊመለስ፣ የተሠራውንም በሚቀጥለው ገበያ ሊያመጣ ይችላል። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ለዚህ ተጨማሪ ጉዞ አያስፈልገውም። መምህሩም በተራ የእጅ ስልክ ለወላጅ ደውሎ ስለ ትምህርቱ ይዘት ሳይሆን ስለ ሰዓት ቢነጋገር ይበጃል፤ «በቀን ሁለት ሰዓት ልቀቁለት» የሚለው ልመና ወላጁ ሊፈጽመው የሚችል ነው። ማስረዳቱን በተመለከተ አካባቢው ከቤተ ክህነት ትምህርት የወረሰው ልማድ አለ፤ ላቅ ያለው ደቀ መዝሙር ጀማሪውን ያስቀጽላል። በአንድ ቀበሌ ያሉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለዘጠነኛዎቹ እንዲህ ቢመደቡ በፕላዝማው ጊዜ የነበረውን ሰው በከፊል ይተካሉ። ከፍ ያሉት የራሳቸው ፈተና ስላለባቸው ግን ይህ ያለ ገደብ ሊጠየቅ አይገባም።

የሐሳቡ ደካማ ጎን የታየው ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በኋላ ነው። በአማራ ክልል ግጭቱ ሲስፋፋ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ መንገድም ይዘጋል፤ መንገድ ሲዘጋ ስንቅም ወረቀትም አይሄድም። ስለዚህ ወረቀቱ ከመዘጋቱ በፊት፣ በዓመቱ መጀመሪያ፣ በተማሪው እጅ መግባት ይኖርበታል። ለዚህም ከሁሉ አስቀድሞ ሊለወጥ የሚችለው የዘጠነኛ ክፍል የምዝገባ ቅጽ ነው። አንድ አድራሻ ከመጠየቅ ይልቅ ሁለት ቢጠይቅ፦ ተማሪው የሚያድርበት የት ነው? ስንቁ የሚመጣው ከየት፣ በማን እጅና በየትኛው ቀን ነው?