ውፍረት ጉልበት አይደለም

«ወፍሬያለሁ፤ ታዲያ ጉልበቴ ለምን ከዳኝ?» ሲሉ አንዲት እናት በራሽን ሰልፍ ላይ ጠየቁኝ። መወፈር ጡንቻ መጨመር አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ፣ ይልቁንም ተቀምጦ መዋል ሲበዛ፣ ጡንቻ ይሳሳል፤ ስብ ይተካል፤ ሚዛን ግን ይህን አያሳይም። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ስለሆነ፣ እሱ ሲደክም የስኳር በሽታ ይቀርባል።

እቤትዎ ይሞክሩት። ሰው አጠገብዎ ይቁም፤ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበር 5 ጊዜ ይነሡና ይቀመጡ (በርጩማ ዝቅ ስለሚል አይሆንም)። ከ15 ሴኮንድ በላይ ከፈጀብዎ የጡንቻ ድካም ምልክት ነው።

ለመክሳት ብሎ መራብ ጡንቻንም ይጨርሳል። ይህንኑ መነሣትና መቀመጥ በየቀኑ ይለማመዱ፤ የሻዩን ስኳር ይቀንሱ፤ ከራሽኑ ክኩንና ባቄላውን ለልጆች ብቻ አይተዉ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለብዎ ግን አስቀድመው ክሊኒክ ይጠይቁ።